የዳልቻ ልብ

ባቲ ውስጥ ሰዓት የሚታወቀው በግመል ነበር። ጠዋት ፀሐይ ከኮረብታው ከፍ ማለት ስትጀምር፣ በከተማው ያሉ ግመሎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ማመስኳት ይጀምራሉ። ገበያው ዳር የታሰሩት፣ በየግቢው የቆሙት፣ በግመል አርቢዎች ማኅበር ረጅም አዳራሽ የተደረደሩት፣ ሁሉም አገጫቸውን ወደ ግራ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ እንደ አንድ እንስሳ ያንቀሳቅሳሉ። ይኼኔ ነጋዴው ሱቁን ይዘጋል፤ እናት ልጇን ከደጅ ትጠራለች፤ ከተማው ቤቱ ገብቶ ይተኛል። የቀኑ ሙቀት ሰው የሚቆምበት አይደለም። አመሻሽ ላይ ደግሞ ግመሎቹ ሁሉ በአንድነት ይሸናሉ፤ በሮች ይከፈታሉ፤ ሰው ወደ ሥራው ይወጣል። ልጆች በዚህ መሳቅ ትተዋል። ሌላ ዓይነት ግመል አይተው አያውቁም።

ዘምዘም ሙሄ ግን ታውቃለች። አባቷ የግመል ነጋዴ ነበር። በእሱ ጊዜ ግመል ይጮኻል፣ ይነክሳል፣ የተቆጣ ዕለትም ያላመጠውን ቅጠል ፊት ላይ ይተፋል። ግልገሏን ያጣች ግመል ስታላዝን ስለምታድር ሰፈሩ ሁሉ እንቅልፍ ያጣ ነበር። ዘምዘም ይህን ለጎረቤት ልጆች ስትነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል።

ከዚያ ሙቀቱ መጣ። መጀመሪያ ላሞቹ አለቁ፤ ቀጥሎ ፍየሎቹ። ይችለዋል የተባለው ግመልም አልቻለውም፤ ቀትር ላይ ተንበርክኮ እዚያው ይቀር ጀመር። ወተት ከከተማው ጠፋ። የዘምዘምና የባሏ የይማም አንድ ልጅ፣ ሰዒድ፣ የሞተው ያኔ ነው። ትኩሳት ያዘው፤ የሚጠጣ ነገር ቢፈልጉለት ከውሃ በቀር አልተገኘም፤ ውሃውንም ሆዱ አልያዘው አለ።

መግሪያ የሚባለው መሣሪያ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ነገር ናት። ከግመሉ ጆሮዎች ኋላ፣ አንገትና ራስ ከሚገናኙበት ከፍ ብሎ፣ ትንሹ አንጎል ያለበት ቦታ ላይ በቀዳዳ ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ልቡ መቼ እንደሚፈጥን፣ ትንፋሹ መቼ እንደሚረዝም፣ ላቡ፣ ጨጓራው፣ ሽንቱ፣ ወተቱ፣ ሁሉም ከማኅበሩ ማሰራጫ ይታዘዛል። እንስሳው ድሮም ቢሆን በእነዚህ ነገሮች ተጠይቆ አያውቅም፤ የተለወጠው አዛዡ ብቻ ነው። መግሪያ የገባለት ግመል በሙቀት አይሞትም። አይደነግጥም። የሚጮኽበትም ምክንያት የለውም። ባቲ እንደገና ወተት ጠጣች።

ዘምዘምና ይማም ዳልቻን የወሰዱት ከመጀመሪያዎቹ መሃል ነው። አመድማ፣ ረጅም ሽፋሽፍት ያላት የግመል ግልገል ነበረች። ዘምዘም ከእጇ እያበላች አሳደገቻት፤ አመሻሽ ላይ አንገቷን ሳታሻሽ ወደ ሌላ ሥራ አትሄድም። «ይህች አንድ ዓመት ቀድማ ብትመጣ ኖሮ» ትላለች አንዳንዴ። ይማም ምን ማለቷ እንደሆነ ያውቃል።

ዳልቻ ወለደች፤ ደጋግማም ወለደች። በማኅበሩ ደንብ ግልገሉ በተወለደ በማግሥቱ ወደ ማሳደጊያ ይሄዳል። መኪናው ደጅ ይቆማል፤ ግልገሉን የሚያወጣው ግን እናቲቱ የለመደችው ሰው ነው። ይህም የዘምዘም ሥራ ነበር። «አይዞሽ፣ የኔ እመቤት፣ አይዞሽ» እያለች፣ ገና እግሩ ያልጸናውን ግልገል በሁለት እጇ አቅፋ ታወጣዋለች። ዳልቻ አንገቷን ዘርግታ ታያለች። በበረቱ በር ላይ ባለው ስክሪን አረንጓዴው መስመር፣ የልቧ መስመር፣ እንደ ጸጥ ያለ ውሃ ተዘርግቶ ይቀጥላል።

«አየሽ?» ይላታል ይማም መስመሩን እያሳየ። «ምንም አልተሰማትም። አልሐምዱሊላህ።»

ዘምዘምም ታምነዋለች። ከዚያ ገብታ ታልባታለች። ወተቱ በሰዓቱ ይወርዳል።

ዳልቻ መካከለኛ ዕድሜ ላይ ሳለች የማኅበሩ አባላት በአዳራሹ ተጠሩ። ሊቀ መንበሩ ጨዋ ሰው ነው፤ አስቀድሞ ስለ ዝናቡ ተናገረ፣ ከዚያ አዲስ መግሪያ መምጣቱን አበሰረ። አዲሱ ግልገሉ ገና በማኅፀን ሳለ የሚገባ ነው። ስለዚህ የአሮጌው ማሰራጫ ከክረምት በኋላ ይዘጋል። አሮጌ ግመል ያለው ሰው ለቄራ ያስረክባል፤ በምትኩ አዲስ ግልገል ይወስዳል።

«ማስረከብ ያልፈለገስ?» አለች ዘምዘም ከኋላ ተነስታ።

«መብትሽ ነው፣ እታለም» አላት። «ግን ማሰራጫው ሲዘጋ በራሷ መቆም አትችልም። እንዲያ ከምትሰቃይ...» ብሎ ተወው። ሰው አጉረመረመ እንጂ ማንም አልተቃወመም። ለማሳያ የመጡት ግልገሎች በጣም የሚያምሩ ነበሩ።

ይማም መጀመሪያውኑ ለማስረከብ ወስኖ ነበር። ዘምዘምም ያን ያህል አልተከራከረችውም። አሳቧን የለወጠው ከጎረቤቷ ከሎሚ ጋር ወደ ቄራ የሄደች ዕለት ነው። የሎሚን ግመል ሊያስረክቡ ሄዱና ተራ ያዙ። ተራው ረጅም ነበር። ግመሎቹ ያለ ገመድ፣ አንዱ በአንዱ ኋላ ቆመው ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር የደም ሽታ እየወጣ አፍንጫቸውን ይመታል። አፍንጫቸው ይከፈታል፤ ጆሯቸው ይቀሰራል፤ ዓይናቸው ወደ በሩ ይዞራል። በየአንገታቸው የተንጠለጠለው፣ የልባቸውን አመታት የሚያሳየው ትንሽ መብራት ግን አረንጓዴ እንደሆነ ነው። አንዱ ሲገባ የቀረው አንድ እርምጃ ይጠጋል።

«እንዴት ደስ ይላል» አለ ከተራው አንድ ሰው። «ሥጋው አይጠጥርም፤ ሳይፈራ ነው የሚሞተው።»

ዘምዘም የሎሚን ግመል ዓይን ስታይ ቆየች። ከዚያ ሎሚን ትታ ወደ ቤቷ ሄደች፤ ይማምንም «ዳልቻን አላስረክብም» አለችው።

«ታዲያ ሞታ ልታያት ነው?»

«እጠይቃለሁ። የሚያውቅ ሰው እጠይቃለሁ።»

የሚያውቀው ሰው የማኅበሩ የእንስሳት ሐኪም ዶክተር ኤልዳና ነበረች። ወጣት ናት፤ ሥራዋን ትወዳለች፤ የማታውቀውን አላውቅም ማለት አያሳፍራትም። ዘምዘም ጥያቄዋን ስትጨርስ ኤልዳና መዳፏን ማጅራቷ ላይ አደረገች።

«እትዬ ዘምዘም፣ ይህች እዚህ ያለችው ትንሽ አንጎል፣ ሰው የሚያውቃት ሚዛን በመጠበቅ ነው። እንዳንወድቅ፣ እጃችን እንዳይስት። ግን ሌላም ሥራ አላት። ልብ በራሱ ይመታል፤ ሳንባም በራሱ ይተነፍሳል። መቼ ፈጠን፣ መቼ ቀስ ይበል የሚለውን ከሚያስተካክሉት አንዷ እሷ ናት። ዳልቻ ከተንበረከከችበት ስትነሳ ያ ሁሉ አንገት አብሮ ይነሳል። ደሙ ወደ ራሷ እንዲደርስ ልክ በዚያች ቅጽበት ልቧ መጠንከር፣ ሥሮቿ መጥበብ አለባቸው። እስከ ዛሬ ይህን የሠራላት መግሪያው ነው። የራሷ አንጎል ሥራ ፈትቷል።»

«ሥራውን መልሳ አትለምደውም?»

«ተማሪ ሳለን ሞክረነዋል። በአንድ ጊዜ ያጠፋንባቸው ሁሉ ሞቱ። ቀስ በቀስ ከቀነስንላቸው የተረፉ አሉ።»

«የተረፉት የት ደረሱ?»

ኤልዳና ወደ መስኮቱ አየች። «ለወተት አይሆኑም ተባለና ታረዱ።»

«እኔ አላርዳትም» አለች ዘምዘም።

ኤልዳና ጥቂት ቀን አሰበችበት። ከዚያ አንድ ንጋት፣ የመግሪያውን ኃይል መቀነሻ መሣሪያ በቦርሳዋ ይዛ መጣች። ከሥራ ስትወጣ እየመጣች በየጊዜው በትንሽ በትንሹ እንደምትቀንስላት ተስማሙ። «ቃል አልገባልሽም» አለች። «አብሽሪ» አለቻት ዘምዘም፤ ሐኪሟን እሷ ያጽናናች ትመስል ነበር።

መጀመሪያ የተለወጠው ማመስኳቷ ነው። የከተማው ግመል ሁሉ አገጩን ሲያንቀሳቅስ ዳልቻ ዝም ብላ ትቆማለች፤ ሌሎቹ ሲያቆሙ እሷ ትጀምራለች። ሎሚ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ ስታይ ቆየችና «ብቻዋን ስትበላ ያሳዝናል» አለች። ከዚያ ሆዷ ተፈታ። ግቢው በፋንድያ ተበላሸ፤ ይማም እያጉረመረመ በአካፋ ይጠርጋል። ከዚያ ላብ መጣ። በጎኖቿ ላይ ጥቁር ሆኖ ሲወርድ ዘምዘም በእጇ ነካችውና ጣቷን አሸተተች። የአባቷ ግመሎች ጠረን ነበር።

መነሳቱ ነው የከበደው። ዳልቻ የኋላ እግሮቿን አንስታ፣ ፊቷን ወደ መሬት ደፍታ፣ ከዚያ አንገቷን ቀና ስታደርግ ዓይኗ ይጨልማል፤ እግሮቿ ይከዷታል። ስትወድቅ ግንቡ ይንቀጠቀጣል። ኤልዳና መቀነሷን አቁማ እንደገና ከፍ ታደርግላታለች፤ ደግሞ ትቀንሳለች። ይማም ነገሩ ሁሉ አልጣመውም ነበር። ሆኖም አንድ ጠዋት ሁለት ከረጢት ሰፍቶ ከጣራው ወራጅ ላይ በገመድ አንጠለጠለላት፤ ስትነሳ ደረቷንና አንገቷን የሚደግፍ። ዘምዘም ስታየው፣ «ጣራው እንዳይወድቅብኝ ብዬ ነው» አለ። በየንጋቱ ሁለቱም ከአንገቷ ሥር ትከሻቸውን ሰጥተው ሲያነሷት፣ የእንስሳዋ ክብደትና ሙቀት ሁለቱንም ያስቃስታቸው ነበር። ከሰዒድ ሞት ወዲህ አንድን ነገር አብረው ተሸክመው አያውቁም።

ክረምቱ ሲጋመስ ዳልቻ ጮኸች። ገና ጎህ ሲቀድ ነው። መጀመሪያ እንደ ማቃሰት ያለ ነገር ከደረቷ ተሰማ፤ ቀጥሎ አፏ ተከፈተና ያ ረጅም፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ወጣ። ሰፈሩ በሩን ከፍቶ ወጣ። ልጆች ፈርተው እናቶቻቸው ኋላ ተደበቁ። አንድ በዘመኑ ሲራራ ነጋዴ የነበረ ሽማግሌ አጥሩ ሥር መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። ዳልቻ ደግማ ደጋግማ ጮኸች፤ እያንዳንዱን ጩኸት ጨርሳ ጆሮዋን ታቆማለች፤ ከዚያ ትቀጥላለች።

«መልስ ነው የምትጠብቀው» አለ ሽማግሌው ከፎጣው ሥር።

ከዚያ ዕለት ጀምሮ ወተቷን ያዘች። ዘምዘም ብታሻሻት፣ ብታባብላት፣ ጠብታ አልሰጥ አለች። የዘምዘም አባት «ግልገሏ ካልጠባ ግመል ወተት አትሰጥም» ይል ነበር። ዘምዘም ባዶውን ዕቃ ይዛ ስትወጣ ደስ ብሏት ነበር፤ ለምን እንደሆነ ለይማም ብታስረዳው አልገባውም።

መግሪያው ጨርሶ የጠፋው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ኤልዳና ቁልፉን ተጫነች። ሦስቱም ከበሩ ራቅ ብለው ቆሙ። ዳልቻ ተንበርክካ ቆየች። ከዚያ የኋላ እግሮቿን አነሳች፤ ፊቷን ደፋች፤ አንገቷን ቀስ አድርጋ ወደ ላይ አወጣች። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ተዘበራረቀ፣ ከፍ አለ፣ ወረደ፣ እንደገና ከፍ አለ። ዳልቻ ተወዛወዘች። ከረጢቱን ግን አልነካችውም። ቆመች።

ይማም «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አለ በቀስታ። ኤልዳና ዓይኗን ጠረገች። ዘምዘም እንደ ልማዷ ወደ ውስጥ ገብታ እጇን ዘረጋች፤ «የኔ እመቤት» አለቻት።

ዳልቻ ወደ ኋላ ሸሸች። ግድግዳው እስኪይዛት ሸሸች። የዓይኗ ነጭ ታየ፤ አፏ አረፋ ደፈቀ። መስመሩ ስክሪኑን ሞልቶ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆነ። ጉልበቷ ተጠመዘዘና ወደቀች።

መጀመሪያ ሕመም መሰላቸው። ኤልዳና ዘምዘምን አስወጥታ ስታዳምጣት ልቧ ቀስ እያለ ተመለሰ። አመሻሽ ላይ ይማም ገባ፤ ዳልቻ ከእጁ በላች። በማግሥቱ ዘምዘም በሩን ስትከፍት ያው ተደገመ። ልብሷን ለውጣ ሞከረች። ፊቷን ተሸፋፍና ሞከረች። በመጨረሻ ኤልዳና ከግድግዳው ኋላ ሆና ሁልጊዜ የምትላትን እንድትላት ነገረቻት። ዘምዘም «አይዞሽ» አለች። ያችን አንዲት ቃል ብቻ። ከውስጥ ዳልቻ ግድግዳውን ስትመታ ሰሙ።

ኤልዳና ዘምዘምን ከደጅ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻትና አጠገቧ ተቀመጠች።

«ንገሪኝ፣ ልጄ» አለች ዘምዘም።

«መግሪያው ልቧን ነው ያሰረው። ዓይኗን አላሰረም፤ ጆሮዋንም። የሚያስፈራን ነገር ከሰው፣ ከድምፅ፣ ከሽታ ጋር አያይዛ ልብን የምታስተምረው ይህችው ትንሽ አንጎል ናት። ለካ እኛ ማስተማሯን አላቆምንም። መግሪያው ጨርሶ እስኪጠፋ ትእዛዟ ልብ ጋ እንዳይደርስ ከለከልን እንጂ እሷ በየወሊዱ ስትማር ቆይታለች።»

ዘምዘም እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ አየቻቸው። «እያንዳንዱን ግልገል እኔ ነኝ ያወጣሁት» አለች። «'አይዞሽ' እያልኩ።»

«አታውቂም ነበር፣ እትዬ። ማናችንም...»

«ትረሳዋለች?»

«በጊዜ ብዛት ሊለዝብ ይችላል። ግን ልቧ ገና አዲስ ነው፤ እንዲህ እየሮጠ እስከዚያ አይቆይም። አንቺን ባየች ቁጥር ወደ ሞት ትጠጋለች።» ኤልዳና ቦርሳዋን ነካች። «ማሰራጫው ገና አልተዘጋም። ከፈለግሽ መልሼ ላበራው እችላለሁ። ወዲያው ትረጋለች። እንደ ድሮው አብራሽ ትሆናለች፤ እስኪዘጋ ድረስ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ያው ነው። ቄራ ወይም...»

ይማም በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። መጥቶ ሚስቱ ፊት ቁጢጥ አለ። በቁልምጫ ከጠራት ዘመን ሆኖታል። «ዘሙ፣ ቢያንስ ለትንሽ ጊዜ ታብራው። ገብተሽ አንገቷን አሻሽተሽ ተሰናበቻት። ከዚያ ታጥፋው።»

እንደምትፈልገው በዘምዘም ፊት ላይ ይታይ ነበር። አንድ ጊዜ ልትነሳ ሁሉ አለች። ከዚያ በእምቢታ ራሷን ነቀነቀች።

«እሷ አትሰናበተኝም እኮ፣ ይማም። ዝም ብላ ትቆማለች። ውስጧ ግን እየፈራችኝ ነው። አሁን ይህን እያወቅኩ እጄን እንዴት አሳርፍባታለሁ?»

ከባቲ በታች፣ ወደ ቆላው መውረጃ፣ ሁመድ የሚባል አፋር የውሃ ጣቢያ ይጠብቃል። የእሱና የዘምዘም አባቶች ግመል ይነግዱ ነበር፤ ልጆች ሆነው በገበያ አብረው ተጫውተዋል። ሁመድ መግሪያ የሌላቸው ጥቂት ግመሎች አሉት። ማኅበሩ ያውቃል፤ በሙቀት ስለሚሞቱ ያልቃሉ ብሎ ትቶታል። እሱ ቀን ቀን ከጣቢያው ቧንቧ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ያስቀምጣቸዋል። ይማም ሄዶ ነገሩን ሲነግረው ሁመድ ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም፤ «ሰውነቷን ካገኘች የሚቀረው አገር ማግኘት ነው፤ እወስዳታለሁ» አለው።

የሚወስዳት ንጋት ዘምዘም ቤት ውስጥ ሆና በሩ እንዲዘጋ ተስማሙ። መስኮቱም ተሸፈነ። ዳልቻ እንዳትሰማት መናገርም፣ ማልቀስም አልነበረባትም። በመደቡ ላይ ተቀምጣ የሻርፗን ጫፍ አጥፋ አፏ ውስጥ ከተተችው። የበረቱ በር ሲከፈት ሰማች። ሁመድ በአፋርኛ አንድ ነገር ሲል ሰማች። ከዚያ እነዚያ ሰፋፊ፣ ለስላሳ ኮቴዎች በግቢው አፈር ላይ። ቤቱ ደጃፍ ሲደርሱ ቆሙ። ምናልባት ሽታዋ ደርሷት ይሆናል። ዳልቻ ከባድ ትንፋሽ ስትተነፍስ በሳንቃው በኩል ይሰማል፤ እየፈጠነ ሄደ። ዘምዘም ትንፋሿን ያዘች። ደረቷ ውስጥ ያለው መምታት ውጭ ድረስ የሚሰማ መሰላትና ሁለት እጇን ጫነችበት። ሁመድ አፏጨ። ኮቴዎቹ ተነሱ፤ ራቁ፤ ከመንገዱ ድምፅ ጋር ተቀላቀሉ።

ይማም ተመልሶ በሩን ሲከፍት ሻርፑ ገና አፏ ውስጥ ነበር። እሱ ነው ቀስ አድርጎ ያወጣላት። ያኔ አለቀሰች። ስለ ዳልቻ ጀምራ ስለ ሰዒድ ጨረሰች። ይማምም ከእሷ ጋር አለቀሰ፤ ልጃቸውን ሲቀብሩ እሷን ላጽናና ብሎ የዋጠው ሁሉ ነበር።

ማሰራጫው በተባለው ጊዜ ተዘጋ። አሮጌዎቹ ግመሎች ሁሉ ለቄራ ተሰጥተው ስለነበር በከተማው አንድም የወደቀ ግመል አልታየም። አዲሶቹ ግልገሎች በየግቢው ገቡ። እነ ዘምዘም አልወሰዱም፤ ወተት እንደ ማንም የከተማ ሰው ከሱቅ ይገዙ ጀመር። ኤልዳና አንዳንዴ ከሥራ መልስ ብቅ ትላለች። ስለ ዳልቻ ለአለቆቿ ተናግራ እንደነበር፣ እነሱም በጨዋነት ሰምተው እንደሸኟት አንድ ቀን ነገረቻቸው። በዓመቱ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች።

ሁመድ ገበያ ሲመጣ ወሬ ያመጣል። ዳልቻ ከስታለች ግን በሕይወት አለች፤ ቀትሩን ከቧንቧው ሥር ታሳልፋለች፤ ሌላ ግመል ነክሳለች። ዘምዘም ይህን ሰምታ ሳቀች። ከዚያ በበጋው መጨረሻ ከእሱ ወንድ ግመል እንደፀነሰች ነገራቸው። ቆይቶም መጣና መውለዷን ነገራቸው፤ ግልገሏ ሴት ናት፣ እናቷን ትመስላለች፣ ማንም አልወሰደባትም።

«ልያት» አለች ዘምዘም።

ሁመድ ፂሙን አሻሸ። «ካንቺ አልደብቅም። ባንቺ ዕድሜ ያለች ሴት መንገድ ላይ ስታይ አሁንም ትሸሻለች።»

«ከሩቅ። አትሰማኝም።»

ሁመድ ይማምን አየው፤ ይማም በእሺታ አንገቱን ነቀነቀ። በንጋት ወረዱ። ሁመድ ከጣቢያው ማዶ ካለ ጉብታ ኋላ አስቀመጣቸው፤ ነፋሱ ከቆላው ወደ እነሱ የሚነፍስበትን ቦታ መርጦ። ከድንጋዮቹ መሃል ዘምዘም አሻግራ አየች።

ዳልቻ ተንበርክካ ነበር። ግልገሏ ጀርባዋ ላይ ልትወጣ እየሞከረች ትንሸራተታለች፤ እንደገና ትሞክራለች። ዳልቻ አንገቷን አዙራ አሸተተቻትና አጓራች፤ ግልገሏ በቀጭን ድምፅ መለሰችላት። ከዚያ እናቲቱ ተነሳች። ግልገሏ ከሆዷ ሥር ገብታ ጡቷን ፈለገች፤ ጅራቷ ሲወዛወዝ ከዚህ ድረስ ይታያል። የዘምዘም ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ይማም የምትጣራ መስሎት ክንዷን ያዛት፤ እሷ ግን ድምፅ አላወጣችም።

ከፊቷ ላይ ነፋሱ ሲቀንስ ተሰማት። አፍታም ሳይቆይ ከማጅራቷ በኩል መንፈስ ጀመረ። ማዶ ዳልቻ ራሷን ቀና አድርጋ አፍንጫዋን ከፈተች፤ ወደ ጉብታው ዞረች፤ ግልገሏን በአንገቷ ወደ ጎኗ ሰበሰበቻት።

ዘምዘም ከድንጋዩ ኋላ ዝቅ አለች። ሻርፗን በሰውነቷ ላይ አጥብቃ ጠቀለለች፤ ሽታዋን የምታስቀርበት ይመስል። ከዚያ በእጅና በጉልበቷ ቁልቁል ወረደች፤ ከታች ስትደርስ ተነስታ ወደ ባቲ መንገድ ገባች። ይማም ትንሽ ቆይቶ ደረሰባት።

«ተረጋጋች» አላት። «ሣር ላይ ናት።»

ዘምዘም እርምጃዋን አላዘገየችም። «እንፍጠን» አለችው፤ «ነፋሱ ገና ከእኛ በኩል ነው።»